በተደገመው ወር

የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ቀን መራጩ የሰጠው ሰዓት ከቀኑ ስድስት ነበር፤ ያ ሰዓት ካለፈ የሚስማማ ሌላ ሰዓት የሚገኘው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ሴት ስትሞት የተወለደችበት ቤት ሰው መጥቶ ሳያያት፣ ልጆቿም ተንበርክከው እንዴት እንደኖረችና እንዴት እንደሞተች ሳይነግሩት፣ ሣጥኗን ሊዘጋ የሚደፍር በዚያ የባሕር ዳር መንደር አልነበረም። ምስማሩን የሚመታው የትውልድ ቤቷ ሰው ነው። እሱ አልመታም ካለ ሣጥኑ ክፍት ይውላል።

ያ ሰው የሟቿ ታናሽ ወንድም ሹ ዋን-ላይ ነበሩ፤ የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት። ከጨው መንደር በልጅ ልጃቸው መኪና እየመጡ መሆናቸው ረፋዱ ላይ ተሰማ።

የበኩር ልጁ ጂን-ቱ ይህን እንደ ሰማ ከሣጥኑ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የቃጫ የሐዘን ልብሱ ከትከሻው ላይ አልቀመጥ ብሎት ደጋግሞ ይጎትተዋል። ታናሽ ወንድሙ ሹይ-ሙ ከግንቡ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሲጋራ ያጨሳል።

«የምንናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ ሹይ-ሙ። «እርጅና ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሳል ያዛት፤ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ አረፈች። አለቀ።»

«እሺ።»

«ተናጋሪው አንተ ነህ፤ ታላቅ ነህና። ከተንተባተብህ ይይዝሃል። ሽማግሌው ጉልበቱ ነው እንጂ ጆሮው አልደከመም።»

«እሺ አልሁህ።»

«እሺ ስትል ነው እኮ የምፈራህ» አለና ሲጋራውን በጫማው ረገጠው።

ከሸራው ጥላ ሥር ለቀብሩ ምሳ ጎመን የሚከትፉት የጎረቤት ሴቶች ድምፅ እስከ ጓሮው ይሰማል። አንዷ፣ «ታላቅ እህታቸው የሞተች ጊዜ ዋን-ላይ የሬሳዋን ካልሲ አስወልቀው ጥፍሯ መቆረጡን አይተዋል» ትላለች። ሌላይቱ፣ «ዱላቸው ነው ከሳቸው ቀድሞ የሚገባው» ብላ ትስቃለች። «ቀስ በይ፣ ልጆቹ ይሰሙሻል።» «ይስሙኛ። ዱላው ለነሱ ነው፤ እኔ ምን ቸገረኝ።»

ጂን-ቱ ሰማቸው። እሱን ያስጨነቀው ግን ዱላው አልነበረም።

አባታቸው ከሞተ ወዲህ እናታቸው ሚየን በሁለቱ ልጆቻቸው ቤት ወር በወር እየተዘዋወሩ ይኖሩ ነበር። በጨረቃው አቆጣጠር አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው እያለ የሚሄደው ወር የጂን-ቱ ነበር፤ ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው ደግሞ የሹይ-ሙ። ወር በባተ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልብሳቸውን በጨርቅ ይቋጥራሉ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በኪሳቸው ይከታሉ፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በቤተ መቅደሱ ጀርባ በኩል በእግራቸው ይሄዳሉ። መንገዱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማንም እንዲሸኛቸው አይፈቅዱም። «እንግዳ ነኝ እንዴ የምሸኘው?» ይላሉ። በመንደሩ ወላጅ የሚጦረው በዚሁ ሥርዓት ነበርና ነውር ያለው ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ግን ዘጠነኛው ወር ሁለት ጊዜ መጣ። የጨረቃው ዓመት ከፀሐይ ዓመት ወደ ኋላ እንዳይቀር በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አንዱ ወር ይደገማል፤ ይህን በመንደሩ የማያውቅ የለም። ተራው ከተጀመረ ወዲህ ግን ወር ሲደገም የመጀመሪያው ነበር። የተደገመው ወር የማን ነው? ጂን-ቱ፣ «እኔ ዘጠነኛውን ጨርሻለሁ፤ ቀጣዩ የሱ ነው» ብሎ አሰበ። ሹይ-ሙ በበኩሉ፣ «ቢደገምም ዘጠነኛ ያው ዘጠነኛ ነው፤ የወንድሜ ነው» ብሎ አሰበ። ሁለቱም አሰቡ እንጂ አልተነጋገሩም። ነገሩን ማንሣት እናቴን ለአንድ ወር አልፈልጋትም ብሎ የመጀመር ያህል ነበርና፣ ያችን ቃል ቀድሞ ከአፉ ማውጣት የወደደ አልተገኘም።

ወሩ በባተ ዕለት ጠዋት የጂን-ቱ ሚስት ሺዩ-ቺን እንደ ወትሮው ቋጠሮውን አቀብላ አማቷን ከደጃፍ ተሰናበተች፤ ቤቱን ቆልፋም ወደ ዘመድ ሠርግ ሄደች። ሹይ-ሙና ሚስቱ ሜይ-ዪን ደግሞ ገና በማለዳው ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ከተማ ወጥተው ነበር። አሮጊቷ የደረሱት ከተቆለፈ በር ነው። ከደጃፉ ያገኟትን ዱካ ስበው ተቀመጡ። የሰሜኑ ነፋስ ከባሕሩ ዳር አሸዋ እያፈሰ መንፈስ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። ሹይ-ሙ አመሻሹ ላይ ተመልሶ፣ «መቼ መጣሽ?» ቢላቸው፣ «አሁን መድረሴ ነው፤ ዱካዋ እንኳ አልሞቀችም» አሉት። በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመራቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረፉ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው መዋላቸውን ጎረቤት የተናገረው ከሞቱ በኋላ ነው።

እስከዚህ ያለውን ሁለቱም ወንድማማቾች ያውቁታል። ከዚህ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ጂን-ቱ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሥጋው ለሚበላ የባሕር ዛጎል ማርቢያ የሚሆን ቀርከሃ ጭኖ ከወደቡ ሲመለስ፣ በወንድሙ ደጃፍ አለፈ። እናቱን አያቸው። ራሳቸውን በሻርፕ ጠቅልለው፣ ቋጠሮውን በጭናቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ከነፋሱ አዙረው ተቀምጠዋል። የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ። እግሩ ከፍሬኑ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ያሰበውን ቃል በቃል ያስታውሰዋል። «ዛሬ ካሳፈርኋት ይህ ወር የኔ ሆኖ ይቀራል፤ ወደፊትም በተደገመ ቁጥር የኔ ይሆናል።» ከዚያም እግሩን ከፍሬኑ አነሣ።

ይህን ከተናገረ አጎቱ መዶሻውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ። እናቱ አራት ቀን ክፍት ሣጥን ውስጥ ይሰነብታሉ፤ እሱም ከመንደሩ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አይችልም። ካልተናገረ ደግሞ በሩ የሹይ-ሙ በር ስለሆነ ጥፋቱ በሱ ይሆናል።

መኪናው ከግቢው ደጅ ሲቆም ሁለቱ ወንድማማቾችና ሚስቶቻቸው መንገዱ ላይ ተንበርክከው ነበር። ዋን-ላይ በልጅ ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ተነሡ አላሏቸውም። በአጠገባቸው አልፈው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እነሱም በጉልበታቸው እየዳሁ ተከተሏቸው።

አዛውንቱ ከሣጥኑ ጎን ብዙ ጊዜ ቆሙ። የእጅጌውን ጨርቅ በሁለት ጣት ዳሰሱ። የእህታቸውን ቀኝ እጅ አንሥተው አገላበጡ፤ ዛጎል መፈልፈያው ካራ ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆራረጠው፣ ሦስት ጣቱ ከእንግዲህ የማይዘረጋ እጅ ነበር።

«ፀጉሯን ማን ነው ያበጠረው?»

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ» አለች ሜይ-ዪን።

«ወደ ግራ ነበር የምትከፍለው።»

«አውቃለሁ፣ አጎቴ። ወደ ግራ ነው የከፈልሁት፤ ትራሱ ነው ያዛነፈብኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበር ቀረበላቸው። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ፤ ከዚያም ጂን-ቱን፣ «በል ንገረኝ፤ ከኛ ቤት ከወጣች ወዲህ እንዴት ኖረች?» አሉት።

ጂን-ቱ ግንባሩን ወደ መሬት አድርጎ ጀመረ።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከናንተ ቤት ወጣች፣ አጎቴ።»

«በአሥራ ስምንት። በበሬ ጋሪው ላይ ሳለች ጫማዋ ወደ ጭቃው ወድቆ ያነሣሁላት እኔ ነኝ። ቀጥል።»

«በአሥራ ስምንት። አያታችን፣ የአባታችን እናት፣ ከአልጋ ውላ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እናቴ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት። አያታችን ክፉ ቃል ነበራት፤ እናቴ ግን መልሳላት አታውቅም።»

«አንድ ጊዜ መልሳላታለች። እኔ ዘንድ መጥታ አልቅሳ ነግራኛለች። ቀጥል።»

ከጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ።

«አራት ወለደች፤ ሁለቱ በጨቅላነታቸው ሞቱ። ባሕሩ ከየቤቱ የገባ ዓመት አባታችን ጀልባ ላይ ነበር። እኔንና ሹይ-ሙን በመረብ ገመድ ከወገቧ ጋር አስራ ጠረጴዛ ላይ ቆማ አደረች። ጠዋት ውሃው ሲጎድል ገመዱን መፍታት አቃታት፤ ጣቶቿ ደርቀው ነበር። ጎረቤት በካራ ቆረጠልን።»

«ይህን አልነገረችኝም» አሉ ዋን-ላይ ቀስ ብለው።

«ከዚያ በኋላ ዛጎል ስትፈለፍል ኖረች። እኛ ፋብሪካ ስንገባ አምስት የልጅ ልጆቿን ያሳደገች እሷ ናት። የተንጠልጣይ አልጋቸውን ገመድ ከእግሯ ጣት ታስረዋለች፤ እጇ ይፈለፍላል፣ እግሯ ያወዛውዛል። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። በስድሳ ዓመቷ ስሟን መጻፍ ከልጅ ልጇ ተማረች፤ ክረምቱን ሙሉ አሸዋ ላይ በቀርከሃ ስንጥር ስትጽፍ ከረመች። ዓሣ ስትበላ ጭንቅላቱን ነበር የምትወስደው። ጭንቅላት ትወዳለች እያልን ነው ያደግነው።»

ዋን-ላይ ዓይናቸውን በመዳፋቸው አበሱ፤ መልሰው ሲገልጡት ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

«ኑሮዋን ሰማሁ። ሞቷን ንገረኝ።»

«እርጅና ነው፣ አጎቴ።»

«እርጅናማ እኔም ቤት ገብቷል። ይኸው ከፊትህ ተቀምጫለሁ።»

«ሳል ያዛት። ሐኪም ቤት...»

«ሳሉ ከየት መጣ?»

አዛውንቱ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«የጨው መንደር ሩቅ ነው፤ የዓሣ ሻጩ ሞተር ብስክሌት ግን ይደርሳል። እህቴ ከተቆለፈ ደጅ ላይ ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲመታት መዋሉን ሰምቻለሁ። በሩ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ሹይ-ሙ።

ዱላው ከጭናቸው ተነሥቶ ወደ እሱ ተዘረጋ።

«ወዴት ሄደህ ነበር?»

«ልጄ ዘንድ። እንደምትመጣ አላወቅሁም። ወሩ የ...» ብሎ አቋረጠ። የወንድሙን ስም ሊጠራ ነበር፤ በጓሮ የተነጋገሩትን አስታውሶ ዋጠው።

«ተራ አውቃለሁ። እኔም በሦስት ልጆቼ ቤት እዞራለሁ፤ በዚህ አላማህም። እኔን ግን ቁልፍ ጠብቆኝ አያውቅም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ስማኝ። ይህ ሰው ምስማሩ ሲመታ ከዚህ እንዳይቆም። ሣጥኑንም እንዳይከተል። ልብሱን አውልቁለት።»

ከሴቶቹ አንዷ ትንፋሿን ሳበች። በዚያ አገር ወንድ ልጅ እናቱን ሳይሸኝ መቅረቱ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ የሚነገር ነገር ነው። ሹይ-ሙ እንደ ተንበረከከ የራስ መሸፈኛውን አወረደ፤ የወገቡን የቃጫ ገመድ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው አልፈታለት አለ። ሜይ-ዪን ልታግዘው እጇን ዘርግታ መለሰችው። ሹይ-ሙ ወንድሙን አንዴ አየው፤ የመለመን አስተያየት አልነበረም። ጂን-ቱ ግን ልቡ የከዳው በዚያ አስተያየት ነው።

«አጎቴ፣ እሱ አይደለም» አለ። «ልብሱን ይተውለት።»

«ዝም በል» አለ ሹይ-ሙ በሹክሹክታ።

«እሱ አላያትም። እኔ ነኝ ያየኋት።» ጂን-ቱ ግንባሩን ከሲሚንቶው አነሣ፤ ዓይኑን ግን ከአዛውንቱ ጫማ አላነሣም። «ስምንት ሰዓት ላይ በመኪና አለፍሁ። ተቀምጣ ነበር። በሩ መቆለፉን አየሁ። ላሳፍራት ፈለግሁ፤ ካሳፈርኋት የተደገመው ወር የኔ ሆኖ ይቀራል ብዬ ተውሁት። ቤቴ ገብቼ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ። ወንድሜ ይደርስላታል አልሁ። ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጣለች።»

ሺዩ-ቺን ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች። ሹይ-ሙ የወገቡን ገመድ እንደ ያዘ ቀረ።

«አይታሃለች?» አሉ ዋን-ላይ።

«አይታኛለች።»

«ጠራችህ?»

ጂን-ቱ ቀኝ እጁን ከመሬት አነሣ።

«እጇን አነሣች። ልትጠራኝ ነው ብዬ ደነገጥሁ። እሷ ግን ሂድ፣ ሂድ እያለች ነበር። እንዲህ ነው ያደረገችው» አለና መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አደረገ። «ያሰብሁትን አውቃብኛለች።»

ነፋሱ የሸራውን ጠርዝ ይመታል። ዋን-ላይ ዱላቸውን ጨብጠው ሲነሡ ሁሉም ሊመቱት ነው ብሎ ጠበቀ። አልመቱትም።

«አባታችን ሊገርፈኝ በመጣ ቁጥር ለኔም እንዲያ ነበር የምታደርግልኝ» አሉ። «እኔ እሮጣለሁ፤ እሷ ትቀራለች። ግን እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ።»

ወደ ሹይ-ሙ ዞሩ። «አንተ ተነሥ። ገመድህን እሰር።» ለጂን-ቱ ተነሥ አላሉትም። «መዶሻ» አሉ። «ሰዓቷ በናንተ ነውር አይተላለፍም።»

ክዳኑ ተጫነ። አራቱን ምስማር በአራቱ ማዕዘን እየዞሩ መቱ፤ በየምቱ ሊባል የሚገባውን የምርቃት ቃል አንዱንም ሳያስቀሩ አሉት፤ ድምፃቸው ግን ደረቅ ነበር። የቀረው አምስተኛው፣ የዘር ምስማር የሚሉት ትንሹ ነው። አጎት ለስሙ ያህል አንዴ ነካ ያደርገዋል፤ የበኩር ልጅ በጥርሱ ነቅሎ ከዕጣኑ ማሰሮ ውስጥ ያኖረዋል። ጂን-ቱ፣ «ወንድሜ ይንቀለው፣ አጎቴ» አለ።

«በኩሩ አንተ ነህ» አሉት። ምስማሩን አቁመው መቱ። ደገሙ። ሦስተኛ መቱ።

ጂን-ቱ በጉልበቱ ቀርቦ አፉን ከክዳኑ ላይ ደፋ። ጥርሱ ያዘ፤ አዳለጠው፤ ደግሞ ያዘ። እንጨቱ ላይ ደምና ምራቅ ተንጠባጠበ። የሚያግዘው አልነበረም፤ ማገዝም አይፈቀድም። በመጨረሻ ምስማሩ ሲነቀል ከፊት ጥርሶቹ አንዱ ተሸርፎ ነበር። ተነሥቶ ምስማሩን ከማሰሮው አኖረው። ተነሥ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ከቀብር መልስ ዋን-ላይ ለክብራቸው ከተዘረጋው ጠረጴዛ አልተቀመጡም። ከመኪናው ገብተው መስታወቱን ዝቅ አደረጉና ሁለቱንም ጠሩ።

«እስከ መቶ ቀን ድረስ ለነፍሷ የሚቀርብላትን የጠዋትና የማታ ምግብ ማን ያቀርባል?»

«ለሁለት ተካፍለን ነበር» አለ ሹይ-ሙ። «ሃምሳ ሃምሳ ቀን።»

«ተራ የለም። በኩሩ ያቀርባል። ሚስቱ አይደለችም፤ በገዛ እጁ አብስሎ እሱ።» መስታወቱ ተዘጋ።

በማግስቱ ማለዳ ጂን-ቱ ከምድጃው ፊት ቆመ። ሩዝ ሲለካ እጁ አያውቅበትም። የመጀመሪያው ድስት አረረበት። ሺዩ-ቺን ከበሩ ላይ ሆና ታየዋለች።

«ምን ዓይነት ነበር የምትወደው?» አላት።

«እኛ የምንበላውን ትበላ ነበር።»

«ወፍራም ነው ቀጭን?»

«አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋትም» አለችና ዓይኗን ሰበረች።

ጂን-ቱ ጃኬቱን ደርቦ በቤተ መቅደሱ ጀርባ በኩል ሄደ። ሜይ-ዪን ከቤቷ ጎን ካለው ዳስ ውስጥ ዛጎል ትፈለፍላለች። ሹይ-ሙ ጀርባውን ሰጥቶ ቅርጫት ያጥባል። ሰላም አላለውም።

«ሜይ-ዪን» አለ ጂን-ቱ፤ ከንፈሩ አብጦ ቃሉን ያጎረብጠዋል። «የጠዋቱን ሩዝ እንዴት ነበር የምትሠሪላት?»

ካራዋን አላቆመችም። «እንደ አጥሚት ቀጭን ነው፣ ጋሼ። የሚጠጣ። ስኳር ድንች ፈጭቼ እጨምርበታለሁ። ጥርስ አልነበራትም እኮ።»

«እኔ ቤት ደረቅ ሩዝ ነበር የምትበላው።»

«አውቃለሁ። እናንተ ከማዕድ ከተነሣችሁ በኋላ ሙቅ ውሃ ታፈስስበት ነበር። እሷ ነግራኝ አይደለም። ከናንተ ዘንድ የመጣች ቀን ሁልጊዜ ሩዙ ላይ የምታፈስሰው ውሃ ፍለጋ ሳትነግረኝ ትነሣለች፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ይረሳታል።»

ጂን-ቱ እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። ወደ ወንድሙ ጀርባ ዞረ። ሊሄድ ሲል የቅርጫቱ ውሃ ድምፅ ተቋረጠ።

«ስኳር ድንቹ ከቤቱ ኋላ ነው» አለ ሹይ-ሙ። ፊቱን ግን አላዞረም።

ጂን-ቱ ወደ ጓሮው ዞሮ ከክምሩ ሁለት መረጠ፤ ለማታውም ብሎ አንድ ጨመረ። በኪሱ ከትቶ ፀሐይ ሳትበረታ ለመድረስ ወደ ቤቱ ተመለሰ።